በደሴት ላይ የመረብ ኳስ፦ ሜዳው፣ መረቡ፣ ኳሱና ነፋሱ

የደሴት ወጣቶች ስፖርት እንጀምር ሲሉ መጀመሪያ የሚያስቡት እግር ኳስ ነው። መሬቱ ግን አይፈቅድም። መደበኛ የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሔክታር ነው ካልን ወደ ሦስት ጥማድ የሚጠጋ ለጥ ያለ መሬት ይፈልጋል። በጣና ትልቁ ደሴት በደቅ እንኳ እንዲህ ያለ መሬት ከተገኘ ታርሶ ነው የሚገኘው። የመረብ ኳስ ሜዳ በዙሪያው ያለው ነጻ ቦታ ተጨምሮ 24 በ15 ሜትር ይበቃዋል። ይህ 360 ካሬ ሜትር፣ የእግር ኳሱ ሃያኛ እጅ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ከተገኘ ሙሉ ጨዋታ ይሆናል፤ ስምንት ብቻ ቢሆንም አራት ለአራት ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው በጣና ደሴቶች ሁኔታ የተጻፈ ነው፤ ሌላ ሐይቅ ላይ ላሉም ከውኃው ወራት በቀር አብዛኛው ይሠራል።

ቦታ መምረጥ

መረጣው ከሐይቁ ይጀምራል። የጣና ውኃ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ አካባቢ ሲሆን፣ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ውኃው ሸሽቶ የተወው ዳርቻ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለው ስለሆነ ዓይን ይስባል። እዚያ የተተከለ ምሰሶ ግን መስከረም ላይ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይገኛል። ያለፈው ዓመት ውኃ የደረሰበት ቦታ ደረቅ ደንገልና ግሳንግስ ተሰልፎበት ይታያል። ከዚያ መስመር በከፍታ ቢያንስ አንድ ሜትር የሚበልጥ ቦታ ፈልጉ።

ቀጥሎ ነፋስ ነው። ሐይቁ ላይ ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ መነሣቱን ታንኳ ቀዛፊ ሁሉ ያውቀዋል፤ የጨዋታ ሰዓት ደግሞ ያው ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስት ሜትር እንጨት ጫፍ ላይ ቀጭን ጨርቅ አስሩና ሊሠራበት በታሰበው ቦታ አቁሙት። ለጥቂት ቀናት ከቀኑ 9፣ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ጨርቁ ወዴት እንደሚያመለክት ተመልከቱ። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍስበት ዳርቻ ለሜዳ ጥሩ ነው፤ የወጣ ኳስ ወደ መንደር ይንከባለላል። ከየብስ ወደ ሐይቅ የሚነፍስበትን ዳርቻ ተዉት። የመረብ ኳስ ክብደቱ ከ260 እስከ 280 ግራም ብቻ ስለሆነ ውኃ ላይ ካረፈ ነፋሱ ዋናተኛ ከሚከተለው በላይ ፈጥኖ ይወስደዋል።

የሜዳው ረጅም ጎን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን። ምሥራቅና ምዕራብ ካደረጋችሁት ከ10 ሰዓት በኋላ አንደኛው ቡድን ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ገብታ ይጫወታል። በስተ ምዕራብ ዛፍ ካለ ጥላም ነፋስ መከላከያም ይሆናል፤ ነገር ግን ከሜዳው በላይ እስከ ሰባት ሜትር ድረስ ቅርንጫፍ መኖር የለበትም። ጣና ላይ ጉማሬ መኖሩንም አትርሱ። ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ የሚወጣበት መንገድ የተረገጠ ስለሆነ ይታወቃል። ሜዳው እዚያ መንገድ ላይ ወይም አጠገቡ አይሁን።

ዶማ ከመነሣቱ በፊት መሬቱ የማን እንደሆነ በሽማግሌዎችና በቀበሌ ፊት ይለይ። የደሴት መሬት ወይ የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ የአንድ ገበሬ፣ ወይ የጋራ ግጦሽ። ባለቤት የሌለው የሚመስለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ባለቤት አለው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ራቁ፤ በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ፊሽካው ከቅዳሴው ጋር ይጋጫል።

መለካት

ሜዳው 18 በ9 ሜትር ሲሆን በሁሉም ጎን ቢያንስ ሦስት ሜትር ነጻ ቦታ ይኖረዋል። ልኩ የሚወሰደው ከመስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ነው፤ መስመሩ ራሱ የሜዳው አካል ስለሆነ መስመር የነካ ኳስ ውስጥ ነው። መሀል ላይ ሜዳውን በሁለት ዘጠኝ ሜትር የሚከፍል መስመር፣ ከእሱ ግራና ቀኝ በሦስት ሜትር ርቀት የመምቻ መስመር ይሰመራል።

ማዕዘኑን በዓይን አትገምቱ። ሲባጎ ወስዳችሁ በአንዱ ጎን ስድስት ሜትር፣ በሌላው ስምንት ሜትር ለኩ፤ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኘው ልክ አሥር ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። አራቱ ችንካሮች ከተተከሉ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፉን ለኩ፤ ሁለቱም 20.12 ሜትር መምጣት አለባቸው። የእያንዳንዱ ግማሽ ሜዳ ሰያፍ ደግሞ 12.73 ሜትር ነው። ሁለቱ ሰያፎች ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሜዳው ተንጋዷል ማለት ነው፤ ይህ ሳይስተካከል መስመር አይሰመርም።

ለመስመር ኖራ አትጠቀሙ። ነፋስ ባለበት ቦታ ዓይን ያቃጥላል። አመድም በአንድ ቀን ይጠፋል። ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ በአሥር ሴንቲ ሜትር ስፋት ቀድዳችሁ ለሁለት እጠፉትና ስፉት፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥሩ መስመር ይወጣዋል። ለዙሪያው 54፣ ለሦስቱ የውስጥ መስመሮች 27፣ በጠቅላላው 81 ሜትር ያስፈልጋል፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጆንያ ይበቃል። በየሜትሩ በመንጠቆ ቅርጽ በታጠፈ ሽቦ ወደ መሬት ይመታል። የሽቦው ጀርባ ከአፈሩ እኩል ካልሆነ የባዶ እግር ተጫዋች ጣት ይሰነጥቃል።

ምድሩ

ሥራውን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጀምሩ። አፈሩ ርጥበት ስላለው ሲጠቀጠቅ ይይዛል፤ አዝመራ መሰብሰብ ከተጀመረ ደግሞ ሰው አይገኝም። መጀመሪያ ድንጋዩ ይለቀማል። ከላይ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጭምር አንሡ፤ የተቀበረው ድንጋይ ከአንድ ክረምት በኋላ ይወጣል።

ቀይ አፈር ከሆነ ደልድሎ፣ ውኃ አርከፍክፎ መጠቅጠቅ ይበቃል። ዋልካ ከሆነ ግን ችግር አለ። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ ዝናብ ሲመጣ እግር ይይዛል። ዋልካ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ቀይ አፈር ለማልበስ ለ18 በ9 ሜትሩ ብቻ 8 ሜትር ኩብ ያህል ያስፈልጋል። አንድ ጆንያ 40 ሊትር አፈር ቢይዝ ሁለት መቶ ጆንያ ነው፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ሌላ ሃምሳ ጨምሩ። ሰው ካነሰ በመረቡ ግራና ቀኝ ያለውን የሦስት ሜትር ቦታ ብቻ አልብሱ፤ ዝላይና ማረፍ የሚበዛው እዚያ ነው።

ሜዳው ፈጽሞ ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃ ይቋጥራል። ከመረቡ ወደ ሁለቱ ጫፎች በእያንዳንዱ ሜትር አምስት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በዘጠኝ ሜትር አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህን ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውኃ የተሞላ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ መለካት ይቻላል። ከዚህ በላይ ካዘነበለ ተጫዋቹ ወደ ኋላ ሲሮጥ ሚዛኑን ይስታል።

ምሰሶና መረብ

የመንደር ሜዳ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። መረቡ መሀሉ ረግቦ፣ ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ ተጠንብተው፣ በሁለተኛው ወር አጭሩም ሰው ከላይ ይመታል። ምክንያቱ መረቡ አይደለም፤ ጉድጓዱ ነው።

ቁመቱ 3 ሜትር ከ40፣ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ሁለት ምረጡ። ከዚህ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይገባል፣ 2.60 ያህሉ ከላይ ይቀራል። ልጡን ልጣችሁ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጥላ ውስጥ አድርቁ። የሚቀበረውን ክፍልና ከአፈር በላይ ያለውን 20 ሴንቲ ሜትር በእሳት ለብልቡት፤ ላዩ ከሰል እስኪሆን እንጂ ውስጡ እስኪቃጠል አይደለም። ምስጥ የሚጀምረው ከአፈሩ ገጽ አካባቢ ነውና ያን ቦታ አትዝለሉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፤ መጠጥ ውኃው ከሐይቁ በሚቀዳበት ደሴት ግን ይህን አንመክርም።

ምሰሶው ከጎን መስመሩ ውጭ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ይራቅ፤ አንድ ሜትር ይሻላል። ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ከታች ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጡ፤ ምሰሶውን አቁሙና ድንጋይና አፈር እየቀላቀላችሁ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ጠቅጥቁ። ጉድጓዱን ሞልቶ ከላይ ብቻ መርገጥ ዋጋ የለውም። ትልቅ ድንጋይ ሁለት ቦታ ይግባ፤ ከታች በውጭ በኩል፣ ከላይ በውስጥ በኩል። መረቡ ምሰሶውን ወደ ውስጥ ሲስበው የሚይዙት እነዚህ ናቸው። ሲተከል ጫፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘንብል፤ መረቡ ሲወጠር ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት መረብ አይሰቀልበትም። ከምሰሶ ወደ መሬት የሚወጠር ደጋፊ ገመድ ባይኖር ይመረጣል፤ ኳስ ብቻ እያየ የሚሮጥ ሰው ይጠልፋል። ምሰሶው ራሱም እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ጭድ በተሞላ ጆንያ ይጠቅለል።

መረቡ ከተገዛ ጥሩ። ካልተገዛ ለዓሣ የማይሆን አሮጌ መረብ ይሠራል። 9.5 ሜትር ርዝመትና አንድ ሜትር ቁመት ይቆረጣል። ክሩ ቀጭን ስለሆነ በሰማይ ላይ አይታይም፤ ከላይ ሰባት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ ሸራ፣ ከታች አምስት ሴንቲ ሜትር ይሰፋበት። እንደ ፀጉር የቀጠነውን አንድ ክር መረብ አትጠቀሙ፤ ጣት ሲገባበት ይቆርጣል።

ከላይኛው ሸራ ውስጥ የሚያልፈው ገመድ የመረቡን ኑሮ ይወስናል። የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፤ ሌሊት ዝናብ ቢጥል ምሰሶውን ይነቀንቃል። ናይለን በተቃራኒው ሲርስ ይለጠጣል፣ መረቡም ይረግባል። ርካሹ የላስቲክ ገመድ ደግሞ በአንድ በጋ ፀሐይ ይፈረፈራል። ምርጡ ቀጭን የሽቦ ገመድ ነው፤ ከሌለ ናይለን ሆኖ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ይወጠር። ለመወጠር ገመዱ ላይ ከምሰሶው 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ትንሽ ቀለበት ቋጥሩ፣ ጫፉን በምሰሶው ዞራችሁ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፉና ወደ ኋላ ሳቡ። ጉልበቱ እጥፍ ሊሆን ይደርሳል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይወጥረዋል።

ቁመቱ ለወንዶች 2.43፣ ለሴቶች 2.24 ሜትር ነው፤ ለልጆች ሁለት ሜትር ገደማ ይበቃል። ልኩ የሚወሰደው ከሜዳው መሀል ነው። በሁለቱ የጎን መስመሮች ላይ ያለው ቁመት እኩል መሆን አለበት፣ ከመሀሉም ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ መብለጥ አይችልም። ሁለቱ ቁመቶች የተቆረጡበት አንድ ሸምበቆ ምሰሶው ሥር ይቀመጥ፤ ክርክር ሲነሣ እሱ ይፈርዳል።

ኳስ

ደሴት ላይ ጨዋታ የሚቆመው በኳስ ነው፤ ሱቁ ከሐይቁ ማዶ ነውና። ከባሕር ዳር የሚያመጣ ሰው ሲገኝ ሦስት ኳስ፣ አንድ መንፊያና አምስት መርፌ ይታዘዝ። መርፌው ብዙ የሚታዘዘው ከሁሉ በፊት የሚሰበረው እሱ ስለሆነ ነው። አንዱ ኳስ ለግጥሚያ ብቻ ይቀመጥ፣ ሁለቱ ለልምምድ ይሁኑ። የእግር ኳስ በመረብ ኳስ ፋንታ መጠቀም አይገባም። ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው፣ አየሩም ይበረታል፤ የጀማሪ ጣት ያጣምማል፣ ክንድም ያሳብጣል።

የኳሱ ዙሪያ ከ65 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር ነው። አየሩ በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.30 እስከ 0.325 ኪሎ ግራም፣ በመንፊያው የአየር መለኪያ ሰዓት ላይ ደግሞ ከ4.3 እስከ 4.6 ፒኤስአይ ነው። መለኪያ ከሌለ በሁለት አውራ ጣት ጫን ሲሉት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይግባ። ጠዋት በቅዝቃዜ የተነፋ ኳስ ቀን ፀሐይ ላይ ከተተወ ይጠነክራል፣ ስፌቱም ይለቃል። ስለዚህ ንፋቱም ልኬቱም ጨዋታ ሊጀመር ሲል ይሁን።

መርፌ ደረቁን አይገባም። ውኃ ወይም ግሊሰሪን ይነካ፤ ቅባትና ዘይት ጎማውን ያበላሻል። በቀስታ እያዞሩ ቀጥ አድርጎ ማስገባት ነው፤ ጠምዝዞ የሚገፋ ሰው ቫልቩን ይቀድዳል፣ የተቀደደ ቫልቭ ደግሞ ደሴት ላይ አይጠገንም። አየር የሚያፈስ ኳስ ሲገኝ ቫልቩ ላይ የሳሙና አረፋ አድርጉ። አረፋው ከነፋ ችግሩ ቫልቩ ነው፤ አንዳንዴ ውስጡ የገባ አሸዋ ብቻ ስለሚሆን በረጠበ መርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ መግባትና መውጣት ያጸዳዋል። ካልነፋ ኳሱን ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ አረፋ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ እሾህ ነው።

እሾህ ካነሣን፣ ከብት እንዳይገባ ተብሎ ሜዳን በግራር ወይም በአጋም ማጠር የተለመደ ነው። ኳስ ገዳይ ልማድ ነው። በሐይቁ በኩል ያለው ጎን በአሮጌ የዓሣ መረብ፣ በሦስት ሜትር ቁመት ይጋረድ። የቀረው በድንጋይ ካብ ይታጠር፤ ካቡ ከነጻው ቦታ ውጭ ይሁን።

ኳስ ውኃ ውስጥ ከገባ የሚያወጣው ታንኳ ነው እንጂ ዋናተኛ አይደለም። ከግጥሚያ በፊት አንድ ታንኳ ከነመቅዘፊያው ዳር ላይ ይዘጋጅ። ጥልቀት የሌለው ዳርቻም ቢሆን በጣና አካባቢ ቢልሃርዝያ ስላለ ልጆች እየገቡ እንዲያወጡ አይላኩ። የረጠበ ኳስ በጨርቅ ይጠረግና ጥላ ላይ ይድረቅ፤ እሳት ዳር የደረቀ ኳስ ቆዳው ይላጣል።

ነፋስ ባለበት ጨዋታ

ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ሰርቪስ ጠንከር ብሎ ይመታ፤ ኳሱ መረቡን እንዳለፈ ይወርዳል፣ ስለዚህ ተቀባዮች አንድ እርምጃ ወደ መረቡ ይጠጉ። ነፋስ ከኋላ ሲሆን ኳሱ ይረዝማል፤ መቺው ከመስመሩ ሁለት ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሄዶ ዝቅ አድርጎ ይምታ። ነፋሱ ከጎን ከሆነ ነፋሱ ወደሚመጣበት መስመር ማነጣጠር ነው፤ ራሱ መልሶ ወደ ውስጥ ያገባዋል። ለመምታት ኳስ የሚያነሣው አቀባይ ኳሱን ከመረቡ ጠርዝ በላይ ከአንድ ሜትር ብዙም ከፍ አያድርገው፤ ከፍ ያለ ኳስ ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

በመደበኛው ደንብ አንድ ዙር እስከ 25 ነጥብ፣ አምስተኛው እስከ 15 ነው፤ አሸናፊው በሁለት ነጥብ መብለጥም አለበት። ጎን የሚቀየረው ዙር ሲያልቅና በአምስተኛው ዙር 8 ነጥብ ላይ ነው። ነፋስ በበረታ ቀን ይህ ፍትሐዊ አይሆንም። ለአሸዋ ላይ መረብ ኳስ የወጣው ደንብ ይህን ፈትቶታል፤ ዙሩ እስከ 21 ሆኖ ሁለቱ ቡድኖች ያስቆጠሩት ነጥብ ድምር በየሰባቱ ሲሞላ ጎን ይቀየራል። ዳኛውና ሁለቱ አምበሎች ጨዋታው ሳይጀመር ከተስማሙ ይህን ደንብ መዋስ ነው።

ቡድንና ቀጠሮ

ሁለት ቡድን ብቻ በሚወጣበት ደሴት ጎጥ ከጎጥ ማጋጠም ቀላል ይመስላል፤ በሦስተኛው ግጥሚያ ጠብ ይሆናል። ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያሉት የሲሊ ደሴቶች የእግር ኳስ ሊግ ያለው ሁለት ቡድን ብቻ ነው፤ ጋሪሰን ገነርስና ዉልፓክ ወንደረርስ። የውድድር ዘመኑን ሙሉ እርስ በርስ ይጫወታሉ። ሊጉን ያቆየው ደግሞ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር አምበሎቹ ተጫዋቾችን ተራ በተራ እየመረጡ መከፋፈላቸው ነው። ወንድማማች በሁለት ቡድን ይገባል፣ ኃይሉም ይመጣጠናል። ይህን ቅዱ። የመጀመሪያውን የመረጠው አምበል ቀጥሎ አንድ ሳይሆን ሁለት የመምረጥ ዕድሉን ለባላጋራው ይስጥ፤ ያለዚያ ኃይሉ ቀድሞ ወደ መረጠው ጎን ያዘነብላል።

ቀጠሮ ሲወጣ የማይታረስባቸው ቀናት ራሳቸው የቀን መቁጠሪያ ናቸው፤ ከእሑድ ሌላ ወር በገባ በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ23 እና በ27 ሰው ቤቱ አለ። የደብሩ ንግሥ ቀን ግን አይነካ፤ ናርጋ ሥላሴ ባለበት ደቅ ጥር 7 ግጥሚያ የሚቀጥር የለም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃም የማይቀምሱ ስላሉ ጨዋታው ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይሁን፤ ቀድሞ የተጀመረ ጨዋታ በጡንቻ መሸማቀቅ ያልቃል።

ከሌላ ደሴት ወይም ከየብስ ቡድን ሲጋበዝ እንግዶቹ ጠዋት ይምጡ፣ ጠዋት ይጫወቱ፣ ነፋስ ሳይነሣ ይመለሱ። ከሰዓት የሚጫወቱ ከሆነ ማደሪያና እራት ይዘጋጅላቸው።

ጉዳት

የመረብ ኳስ ዋናው ጉዳት ቁርጭምጭሚት ነው፤ አብዛኛውም የሚመጣው ዘሎ ሲወርድ ከመረብ በታች የገባ የባላጋራ እግር ላይ ከማረፍ ነው። ስለዚህ መላ እግሩ የመሀሉን መስመር ያለፈ ተጫዋች ላይ ዳኛው ሳያወላውል ይንፋ። በረዶ ስለሌለ በሐይቅ ውኃ የራሰ ጨርቅ እየተቀያየረ ይደረግ፣ በሰፊ ጨርቅ ይታሰር፣ እግሩ ከፍ ይበል። ወጌሻ ወዲያው እንዲያሽ አትፍቀዱ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሸት እብጠቱን ይጨምራል። በእግሩ አራት እርምጃ መራመድ ያልቻለ ሰው አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ክረምት

ሰኔ ሲገባ መረቡ ይወርዳል፣ ታጥቦ ይደርቃል፣ አይጥ እንዳይበላው ከጣሪያ በሽቦ ይንጠለጠላል። ኳሱ ግማሽ አየሩ ይውጣ እንጂ ፈጽሞ አይራገፍ፤ የተጣጠፈ ላስቲክ በመታጠፊያው ይሰነጠቃል። የመስመሩ ጆንያ ይነቀልና ይጠቀለል። ጥቅምት ላይ ከሁሉ በፊት ምሰሶውን ከአፈሩ ገጽ አጠገብ በቢላ ጫፍ ውጉት፤ ቢላው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ጀምሮታልና ምሰሶው ይቀየራል።